የማሩ እህት

ባለፈው ሳምንት ከጎንደሩ አራዳ ወደ ቤቴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መንገድ ተዘግቶበት በውስጥ ለውስጥ ዞረ። «ለመንገድ ማስፊያ እያፈረሱ ነው እማማ፣ ትንሽ እንዞራለን» አለኝ ሾፌሩ። ተደርድረው የነበሩ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው የእንጨትና የጭድ ክምር ሆነዋል። ከአንደኛው ቤት የኋላው ግድግዳ ብቻ አልወደቀም፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። ሰፈሩን መጀመሪያ አላወቅሁትም ነበር። ከፊት ለፊቱ ያለውን የቦኖ ውሃ ሳይ ግን ለየሁት። እዚያ ሰማያዊ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን አሳልፌያለሁ።

«አውርደኝ» አልኩት። ወርጄም ምንም አላደረግሁ። ቆሜ አየሁና በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ወርቂት ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች።

ያኔ የሃያዎቹን ዕድሜ ገና አላጋመስኩም ነበር። አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ተምሬ፣ በላዩም ሕፃናትንና ቤተሰብን የማማከር ሥልጠና ወስጄ ወደ ተወለድኩበት ጎንደር ተመለስኩ። የተሰጠኝ ክፍል ከሕፃናት ሕክምናው ጀርባ፣ የተሰበሩ አልጋዎች ይከማቹበት የነበረ ነው። አልጋዎቹን አስወጥቼ ሁለት ወንበርና አንድ ምንጣፍ አስገባሁ፤ ሥራ ጀመርኩ ማለት ይኸው ነበር። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይከብድ ነበር። በእኛ አገር ምክር የሽማግሌ ነው፤ ሽበት ያለው ይመክራል፣ ልጅ እግር ይሰማል። አንድ የማክሰኝት ገበሬ ልጁን ይዞ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ «መካሪዋ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ብለው አላመነም። «ግድ የለም፣ እስክትመጣ እጠብቃታለሁ» ብሎ ደጅ ተቀመጠ።

ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሁሉን ሞክሮ የመጣ ነው። ጠበል ተጠምቆ፣ ክታብ አሥሮ፣ ለአድባሩ ተስሎ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መክሮ ሳይሆን ሲቀር ነው ያቺን የጓሮ ክፍል የሚያንኳኳው። አልፈርድባቸውም። ጠበል ቦታ አብሮ የሚያድር፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው አለ። እኔ ዘንድ የነበረው ሁለት ወንበርና አንድ ምንጣፍ ነው።

ወርቂትን እናቷ አዝላ ነው ያመጣቻት። ልጅቷ አሥር ዓመት አልፏታል፤ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ አትታዘልም። ግን ክብደት አልነበራትም። ከጀርባ አውርዳ ምንጣፉ ላይ ስታስቀምጣት የተጣጠፈ ነጠላ ያስቀመጠች ነው የመሰለኝ። እናቷ እትዬ ጠጄ ትባላለች። ጣቶቿ ደርቀው የተሰነጣጠቁ፣ ጥፍሮቿ ሥር ግራጫ አፈር የገባባቸው፣ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ሳትናገር የሚናገሩ ነበሩ።

«ምን ሆናብዎት ነው?» አልኳት።

«እህል እምቢ አለች። ሐኪሞቹ ሆዷንም ደሟንም አይተው ምንም የለባት አሉኝ። ምንም የሌለባት ልጅ እንዲህ ትሆናለች ሲስተር?»

ከዳባት ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። አባቷ አያ ፈረደ ቀጥቃጭ ነበር፤ ለአገሩ ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን ሲሠራ የኖረ ሰው። ዘመዶቻቸው አንድ በአንድ ወደ እስራኤል ሲሄዱ እነሱም ቤታቸውን ትተው፣ ተራቸውን ሊጠብቁ ጎንደር ወርደው ያቺን ሰማያዊ ቤት ተከራዩ። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን መጠበቅ ያውቀዋል። ክረምት አልፎ ክረምት ይመጣል፣ የሚጠብቁት ግን ዕቃቸውን ከጆንያ አያወጡም። ከቤቱ ጎን ትንሽ መሬት ነበረችና እትዬ ጠጄን ምነው ጎመን አይተክሉባትም ብያት «ሳይደርስ እንሄዳለን» አለችኝ። ጎመኑ ስንት ጊዜ ደርሶ ስንት ጊዜ በተበላ ነበር።

ወርቂት ለምን እህል እንደተወች ሁሉም ሰው ያወቀ መስሎት ነበር። ጎረቤቱ «የአክስቷ ልጆች ሄደው እሷ ቀርታ ነው» ይላል። እናቷ «ሲጠሩን ትድናለች» ትላለች። እኔም ይኸው ይሆናል ብዬ ነበር። ወረቀትና ቀለም ሰጠኋት፤ አልነካችም። አሻንጉሊት አመጣሁ፤ አየችና ፊቷን መለሰች። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣሉ፣ ያቀረብኩላትን ወተት አንድ ሁለት ጊዜ ተጎንጭታ ታስቀምጠዋለች፣ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እትዬ ጠጄ ከሥራዋ በቀጥታ መጣች። እርጥብ የሸክላ ጭቃ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ እንዳይደርቅባት ፈርታ። ወርቂት እጇን ዘርግታ ከጭቃው ቆረሰች። ያለ አንዳች ቃል ማድቦልቦል፣ መጠፍጠፍ ጀመረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጭቃ ክፍሌ ገባ። ጽዳት የምትሠራው ሴት ብትቆጣም ምንጣፉን ጠቅልዬ መሬት ላይ ተቀመጥን። እኔም ለመሥራት ሞከርኩ፤ የሠራሁት ማሰሮ በአንድ ወገን ተንጋደደ። ወርቂት አየችውና ከንፈሯ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

የልጅ ዝምታ ከአዋቂ ዝምታ ይለያል። አዋቂ የሚናገረውን እያወቀ ይደብቃል፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሰው መኖሩን ነው የማያውቀው። እናቷ ለጭቃው ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ከሰዓት፣ ከጭቃው ቀና ሳትል ተናገረችኝ።

«ሲስተር፣ የታመመ ሰው አይወስዱም አይደል?»

«ወዴት?»

«እስራኤል። የታመመ ካለ ቤተሰቡ ይቆያል ሲሉ ሰማሁ።»

ወዲያው አልገባኝም። «መቆየት ነው የምትፈልጊ?» አልኳት።

«ማሩ ብቻውን ነው» አለች።

ማሩ ታናሽ ወንድሟ ነበር። ስለ እሱ ማንም አልነገረኝም፤ እናቷም ሦስት ነን ስትለኝ ስለ አራተኛው አላነሣችም። ገና አገራቸው ሳሉ፣ በክረምት፣ እናትና ልጁን አንድ ዓይነት ትኩሳት ያዛቸው። አባትየው ማረሻ ሊሸጥ ዛሪማ ገበያ ወርዶ ነበር። እትዬ ጠጄ በግድ እየተራመደች፣ ወርቂት ማሩን አዝላ፣ በጭቃው ወደ ዳባት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ልጁ መጀመሪያ ሲያለቅስ ቆየ፤ ቀጥሎ ዝም አለ።

«እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ እሹሩሩ እለው ነበር» አለችኝ ወርቂት። «እመየ ‹ምነው ዝም አለ› ስትለኝ፣ ‹ዝም በይ፣ ትቀሰቅሽዋለሽ› አልኋት።»

ቀብረውት ወደ ከተማ ሲወርዱ መቃብሩ ላይ ሆና እመለሳለሁ ብላው ነበር። ለልጅ እመለሳለሁ ማለት እመለሳለሁ ማለት ነው። ወላጆቿ ወደዚያኛው አገር ለመሄድ ሲጸልዩ፣ እሷ እንዳይሄዱ የምታደርግበት አንድ መንገድ አገኘች፤ እሱንም ለማንም ሳትናገር ያዘችው።

ለእናትና ለአባቷ እንድነግራቸው ፈቀደችልኝ። በዚያች ሰማያዊ ቤት፣ በርጩማው ላይ ሆኜ ነገርኳቸው። እትዬ ጠጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አያ ፈረደ፣ «እኔ ደግሞ ያን አገር ናፈቀች ብየ ማታ ማታ ‹አይዞሽ ልጀ፣ ልንሄድ ነው› እላታለሁ» አለ። «ለካ በዚያ ነው እማቆስላት።»

ማሩን ሄደን እንየው ያልኩት እኔ ነኝ። በጥቅምት፣ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ አራታችን በአውቶቡስ ተሳፈርን። ከጎንደር ወጥቶ ወደ ወገራ የሚወስደውን መንገድ ለማያውቀው መንገር ይከብዳል። ዳገቱ ካለቀ በኋላ ምድሩ በአንድ ጊዜ ይዘረጋል፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ነፋሱ ሲያስተኛው ሲያነሣው፣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጆሮ ይቆነጥጣል። አምባ ጊዮርጊስ ስንቆም ሴቶች ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ወደ መስኮቱ አነሡልን። ወርቂት አልበላችም፤ ግን ፊቷን አላዞረችም። ድንቹን አየችው። በእኔ ሥራ እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው የሚያስደስት።

ከዳባት በእግር ሄድን፤ አባቷ አንዳንዴ እያዘላት። መንደሩ ስንደርስ የአያ ፈረደ መቀጥቀጫ ጎጆ ጣራው ወርዶ፣ በውስጡ ሳማ በቅሎበት ነበር። እሱ ቆም አለና አለፈ። ጎረቤታቸው የነበረች እመት ይታይሽ የሚሏት ክርስቲያን አሮጊት ከማዶ አይታን እየሮጠች መጣች። በዚያ አገር ቀጥቃጭን ቡዳ ነው ብሎ የሚሸሽ ብዙ ነው፤ እሷም በወጣትነቷ ትሸሽ ነበር አሉ። ያን ቀን ግን ሦስቱንም አገላብጣ ሳመቻቸው። «እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ማረሻው ሁሉ ደነዘ፤ ገበሬው መሬቱን በምኑ ይረስ?» አለች። ከብት እንዳይረግጠው ብላ የማሩን መቃብር በእሾህ አጥራው ነበር።

የድንጋይ ክምር ነው፣ አነስ ያለ። ወርቂት አጠገቡ ቁጢጥ አለች። እኛ ራቅ አልን። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ መስማትም አልነበረብኝ። ብዙ ቆየች። ስትነሣ እናቷ ሄዳ ከፊቷ ተንበረከከች፣ ሁለት እጆቿን ያዘቻት።

«ማሩን መሬቱ ይዞታል፣ ጎረቤት ያየዋል። አንችን የያዝኩሽ እኔ ነኝ። የትም ብንሄድ እናት አለሽ። ሰማሽ ልጀ?»

«ሰማሁ» አለች ወርቂት።

እመት ይታይሽ ቤቷ አስገባችን። ከማሳዋ የተነቀለ የባቄላ እሸት፣ አገዳው ሳይለይ፣ ከፊታችን ከመረችልን። ሁላችንም መፈልፈል ጀመርን። ወርቂት አንዱን ዛላ አነሣች፣ ፈለፈለችው፣ በላችው። ሌላ አነሣች። አያ ፈረደ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እመት ይታይሽ ምንም የማታውቀው «ብሉ እንጂ፣ እሸት ነው፣ አይከብድም» ትላለች።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወርቂት እናቷ ጭን ላይ ተኛች፤ እኔ መስኮቱን ተደግፌ የወገራን ሜዳ ሲመሽበት አየሁ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያን ጊዜ ተደስቼ አላውቅም። ለምን እንደተፈጠርኩ አወቅሁ አልኩ በልቤ። ወጣት ስለነበርኩ አንድን ልጅ ከሞት መመለስ የነገሩ መጨረሻ ይመስለኝ ነበር።

ወርቂት በልታ ጠነከረች። ትምህርት ቤት ገባች፣ ከቦኖው ውሃ መቅዳት ጀመረች፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሱዚ ስትዘል አየኋት። አሁን ስለ መሄድ ሲወራ ትሰማለች፣ ትጠይቃለችም። «እዚያም ሸክላ አፈር አለ?» ብላ እናቷን ስትጠይቃት ሰምቼአለሁ። «አፈር የሌለበት አገር አለ?» አለቻት እትዬ ጠጄ።

በሚያዝያ ተራቸው ደረሰ ተባለ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ስም ሲጠራ ዋለ። አያ ፈረደ ተጠራ። ወርቂት ተጠራች። የእትዬ ጠጄ ስም አልተጠራም።

ተሳስተው ነው ተባለ መጀመሪያ። ሲጠየቅ ግን ስሕተት አልነበረም። የእሷ የትውልድ ነገር፣ ቤተ እስራኤል መሆኗ፣ ገና ተጣርቶ አላለቀም፣ በሚቀጥለው ትከተላለች አሏቸው። አብረን እንቆይና አብረን እንሂድ ቢል፣ አያ ፈረደ ተራውን ያጣል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ይህች ልጅ ምን ሆና እንደነበረ ላስረዳ ስም የጠሩት ሰዎች ቢሮ ደጅ ጠናሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ፣ በትሕትና ሰሙኝ። «የሚወስነው እኛ አይደለንም» አሉኝ። ማን እንደሚወስን ስጠይቅ እሱንም አያውቁትም ነበር። የሚጮሁብኝ ሰዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ያን ከሰዓት በሰማያዊው ቤት የነበረው ጭንቅ አይነገርም። አያ ፈረደ «እቀራለሁ» ይላል። እትዬ ጠጄ «ብትቀር እሷም ትቀራለች፤ ልጀን እዚህ ጆንያ ላይ ላሳድጋት?» ትላለች። ከብዙ ክርክር በኋላ እሷ አሸነፈች። ወርቂት በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«‹የትም ብንሄድ እናት አለሽ› አላልሽኝም?» አለች።

«ብየሻለሁ። እከተልሻለሁ ልጀ።»

«መቼ?»

እትዬ ጠጄ «ሲጠሩኝ» አለች።

ወርቂት አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል እንደገና ትተዋለች ብዬ ፈራሁ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ አያት ነበር። አልተወችም። የሄዱ ዕለት እናቷ የዶሮ ወጥ ሠርታ አቀረበችላት። ወርቂት ተቀምጣ የቀረበላትን ሁሉ በላች። ጨምሪ ስትባል ጨመረች፤ ጉረሽ ስትባል ጎረሰች፤ ሰሐኑን በእንጀራው ጠርጋ ጨረሰች። ባቄላውን የበላች ቀን ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አልነበረም። እንደታዘዘ ሰው ነው የበላችው። አለመብላቷ ለወራት ሲያስፈራኝ ኖሮ ያን ቀን መብላቷ አስፈራኝ።

መኪናው ዘንድ ስንሰነባበት አንገቴን አቀፈችኝና በጆሮዬ «ሲስተር፣ ድኛለሁ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ድነሻል» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

እትዬ ጠጄ መኪናው እስኪሰወር እጇን አወዛወዘች፤ ከተሰወረም በኋላ ታወዛውዝ ነበር። ቤቷ ወስጄ አስቀመጥኳት። ጆንያዎቹ ግማሾቹ ሄደዋል፤ የእሷ ቀርቷል።

በመጀመሪያው ዓመት ስልክ ትደውል ነበር ወርቂት። ስልክ ያለው ሱቅ ውስጥ ስለሆነ እትዬ ጠጄ ቀጠሮው ሳይደርስ ሄዳ ትጠብቃለች። ወርቂት ታለቅሳለች፣ «መቼ ነው» ትላለች። በሁለተኛው ዓመት ማልቀሱን ተወች። ከዚያ መጠየቁንም ተወች። አማርኛዋ ሳሳ፣ ቃል ያጥራት ጀመር፤ «ደኅና ነኝ» የምትለው ብቻ ሳይበላሽ ቀረ። እትዬ ጠጄ ግን መጠበቋን አልተወችም፤ ተጠርታ ትጠየቃለች፣ ተመልሳ ትጠብቃለች። አያ ፈረደ እዚያው እስራኤል ታሞ አረፈ፤ በእሱ በኩል የነበረው የእሷ መንገድም አብሮት ተዘጋ። ሰማያዊውን ቤት ለቃ ወደ ሌላ ሰፈር የሄደች ያኔ ነው።

እኔም ጡረታ እስክወጣ በዚያው ሥራ ቆየሁ። ብዙ ልጆች አለፉ። በጦርነት የደነገጡ፣ በአባት ዱላ የተሰበሩ፣ በጨቅላነታቸው የተዳሩ። የዳኑም አሉ፤ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ የሚስሙኝ። ወርቂትም ከዳኑት ትቆጠራለች። ትበላለች፣ ትሠራለች፣ አግብታ ወልዳለች። መዳን ያልነው ይኼ ከሆነ ድናለች።

እሑድ ዕለት እትዬ ጠጄን ልጠይቃት ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል፣ ሸክላውን ትታዋለች። የወርቂትን የመጨረሻ ልጅ ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ፤ ትንሽ ወንድ ልጅ ነው፣ በማላውቀው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተቀምጧል። ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ልትጠራው ሞከረች፤ አፏ ላይ አልመጣላትም።

«ለማሩ አልቅሼ ወጣልኝ» አለችኝ ፎቶውን እያየች። «ሰው መጣ፣ ተቀመጠልኝ፣ ተዝካሩን አወጣሁ፣ ድንጋዩን ሄጄ አየሁት። ላለች ልጅ እንዴት ተደርጎ ይለቀሳል ሲስተር? ድንኳን አይተከልላት። ማን ነፍስ ይማር ይለኛል?»

የተማርኩትን ሁሉ በልቤ አገላበጥኩት። የሞተን እንዴት እንደሚሸኙ፣ ልጅ ከመቃብር ላይ እንዴት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ አድርጌውም አይቻለሁ። ለዚህኛው ግን ያስተማረኝ የለም፤ ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ እኔም አልደረስኩበትም። እትዬ ጠጄ ስልኩን አጠፋችው።